የጋቢናው ንፋስ አጣሪ ኮሚቴ

የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤታችን ለቀዝቃዛ ንፋስ ያበረከተው አስተዋጽኦ እስካሁን ሳይነገርለት መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው። ይህን ጉድለት ለማቃናት ብዕር ያነሣሁት የኮሚቴው ጸሐፊ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከራሴ የጨመርኩት የለም፤ ሙቀቱ ራሱ በቂ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከፍቅር ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ለሾፌሮች ያለውን አክብሮት በነሐስ አስቀርጾ ወደ ጅቡቲ ላከልን። በየመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የሚታሰር ሰሌዳ ሲሆን «የሾፌራችን ምቾት ኩራታችን ነው» ይላል። ሰሌዳው ከባድ ስለሆነ ረጅም ብሎን ተመረጠለት። አብሮት መመሪያ መጣ፦ ሰሌዳውን የፈታ፣ ያላላ ወይም ከቦታው ያንቀሳቀሰ ሾፌር ከሥራ ይሰናበታል። አክብሮት ካልጠበቁት ይሰረቃልና።

ባንቲሁን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ፣ እንደሚነዳው መኪና ያረጀ ሾፌር ነው። ሰሌዳው በታሰረለት ሰሞን የመኪናው ኤሲ ጠባዩን ለወጠ። ቀዝቃዛው ንፋስ በሾፌሩ ፊት መምጣቱን ትቶ፣ ግማሹ ወደ ፊት መስታወት፣ ግማሹ ወደ እግር ይነፍስ ጀመር። ሐምሌ ላይ ባንቲሁን ጭነት ይዞ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ ሲወጣ መሪው ላይ እንዳለ ራሱን ሳተ። መኪናው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ባይቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ የኀዘን መግለጫ ይሆን ነበር። ሐኪሙም «ሁለተኛ እንዲህ ከሞቀህ ልብህ አይችለውም» አለው። ቀጣዩ ጉዞው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነበር።

ሰው መላ አያጣም። ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ባንቲሁን እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጭንቅላቱን ፍሪሲዮኑ ፔዳል አጠገብ አድርጎ ይተኛ ጀመር፤ ንፋሱ የሚደርሰው እዚያ ነዋ። ለእንግዳም ሰላምታ የሚሰጠው በእግሩ ነበር። እንዲህ ተዘቅዝቆ ወደ ላይ ሲያይ ነው የኤሲውን በሽታ ምክንያት ያገኘው። ያገኘውንም ለቢሮ በጽሑፍ አመለከተ። ይህ የመጀመሪያ ስሕተቱ ነበር።

ወዲያው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ፀጋው፤ የቴክኒክ አባል ስለ ድልድይ የተማሩት ኢንጂነር ፍስሐ፤ ጸሐፊ እኔ። ኮሚቴው በማቆሚያው ተገኝቶ መኪናውን ከአራት ሜትር ርቀት መረመረ።

«እሺ፣ ችግርህ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ፀጋው።

«የሰሌዳው ብሎን ነው ጌታዬ። ከኋላ ዘልቆ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ከብረቱ ጋር አጣብቋታል። ንፋሱን ወደ ፊታችን የሚመልሰውን ክዳን የምትስበው እሷ ናት። እሷ ስትታነቅ ንፋሱ ወደ መስታወትና ወደ እግር ይሄዳል። ሙሰዲቅም አይቶታል።»

ሙሰዲቅ ካርቲየ ሰባት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ካቻቢቴውን ይዞ ቆሟል።

«አቦ ሁለት ደቂቃ ናት! ይቺን ረጅሟን አውጥቼ በአጭር ልቀይራት፣ አለቀ።»

«ሰሌዳውን ልትፈታ?» አሉ አቶ ፀጋው፣ አባታቸው እንደተሰደበባቸው።

«ኧረ ብሎኗን ነው ያልኩት።»

«ብሎኑ የሰሌዳው አካል ነው። ሰሌዳውን ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጁ በእጃቸው መርቀውታል። ፎቶግራፍ አለ።»

«እንግዲያው ጎንበስ ብለው ይዩት» አለ ባንቲሁን። «ከሥር በደንብ ይታያል።»

አቶ ፀጋው ኢንጂነሩን አዩ። ኢንጂነሩ እኔን አዩኝ። እኔ መዝገቤን አየሁ። የቅርንጫፍ ኃላፊ ጭንቅላቱን ፔዳል ሥር እንዲያስገባ የሚፈቅድ የሥራ መዘርዝር የለንም። አቶ ፀጋው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ምርመራውን በይፋ ከፈቱ፤ ሥሩን ለማየት ግን ማንም አልጎነበሰም። ይልቁንም «ሰሌዳውን የማይነካ ምክንያት እንዲፈለግ» በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ፍለጋው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የባሕሩ ንፋስ ተጠረጠረ፤ የባንቲሁን ቁመትም ተለካ። በመጨረሻ ኢንጂነር ፍስሐ የሙቀት መለኪያ አመጡ። መስታወቱ ዘንድ ዐሥራ ስድስት ዲግሪ፣ እግሩ ዘንድ ዐሥራ ስምንት፣ ፊቱ ዘንድ አርባ አራት ሆነ። ደምረው ለሦስት አካፈሉት።

«ሃያ ስድስት!» አሉ አቶ ፀጋው። «ይሄማ የአዲስ አበባ አየር ነው! ጃኬት ሁሉ ሳያስፈልገው አይቀርም።»

ሪፖርቱ በዚያው ዕለት ተጻፈ፦ ድርጅቱ ቀዝቃዛ አየር በበቂ መጠን አቅርቧል፤ ሾፌሩ ግን ፊቱን አየሩ በሚደርስበት ስፍራ አላስቀመጠም።

«ፊቴን የት ላድርገው?» አለ ባንቲሁን።

«እሱ እንግዲህ የአሽከርካሪነት ሙያ ነው» አሉ ኢንጂነሩ።

ረቡዕ ዕለት አቶ ፀጋው በነፃ የንግድ ቀጠናው ስብሰባ ነበራቸው። መኪናቸው ጋራዥ ስለገባች፣ ለጭነት ወደዚያው በሚሄደው በባንቲሁን መኪና ተሳፈሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫት አስረዋል። እኔ ከወንበሩ ኋላ ባለው የሾፌሩ መኝታ ላይ መዝገቤን ታቅፌ ተቀመጥኩ። የቀጠናው በር ላይ ወረፋው አልንቀሳቀስ አለ።

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አቶ ፀጋው ስለ ትዕግሥት አስተማሩን። በሁለተኛው ክራቫቱ ወለቀ። በሦስተኛው ኮቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ከወንበሩ ተንሸራተቱ፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ ጭንቅላት ዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከሥር ድምፅ ተሰማ።

«ባንቲሁን!»

«አቤት ጌታዬ።»

«እዚህ አንድ ብሎን ቱቦ አንቋል እኮ!»

«አዎ ጌታዬ።»

«ለምንድን ነው የማይነገረኝ?»

«መዝገቡ ላይ አለ» አልኩ እኔ። «አንደኛው ገጽ።»

«መዝገቡን ዝጋው!»

ከዳሽቦርዱ ሥር ወጡና ግራ ቀኝ አይተው፣ ከኪሳቸው የሃምሳ ፍራንክ ሳንቲም አውጥተው ብሎኑን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ቀዝቃዛው ንፋስም ሦስታችንንም ፊት ለፊት መታን። ባንቲሁን ዐይኑን ጨፈነ። ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ ሲተነፍስ አላየሁትም። አቶ ፀጋው ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪደርሱ ድረስ አንኮራፉ።

መኪናው ሲቆም ነቅተው ኮታቸውን ለበሱ። ሰሌዳውን ወደ ቦታው መለሱ፤ ያንኑ ብሎን በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ሳንቲም አጠበቁት። ንፋሱ ወደ መስታወቱ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ነገ እኮ ሐሙስ ነው» አለ ባንቲሁን።

«ቢሆንስ? ኤሲው ይሠራል። እኔ ራሴ በፊቴ አረጋግጫለሁ። ጸሐፊ፣ መዝገቡን ክፈት፦ ብልሽት አለመኖሩን ሰብሳቢው በአካል ተገኝተው አይተዋል።»

ባንቲሁን ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ሰሌዳው ጫፍ ላይ አንጠለጠለው።

«እንግዲያው እሱ ይንዳው» አለና ወርዶ ሄደ።

አሁን ካርቲየ ሰባት ውስጥ ከሙሰዲቅ ጋር ኤሲ ይጠግናል፤ ብዙዎቹ ደንበኞቹ የእኛ ሾፌሮች ናቸው፣ ሰው እንዳያያቸው መሸት ሲል ይመጣሉ። መኪናው ከቆመበት አልተነሣም። ዋናው መሥሪያ ቤት ለምን እንደቆመ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ጸሐፊው አሁንም እኔ ነኝ። ትናንት ባደረግነው የመጀመሪያ ስብሰባ፣ ሰሌዳውን የማይነካ ምክንያት እንዲፈለግ በሙሉ ድምፅ ወስነናል።