ጥያቄው ሳያልቅ የሚመልሱ ጣቶች

እኛ ቆላ የወረድን ሰዎች ከደጋ ሳንረሳ ይዘነው የመጣነው ነገር ቢኖር ሰላምታ ነው። በመተማ ፀሐይ መንገድ መሀል ቆመን፣ ላባችን ካገጫችን እየተንጠባጠበ፣ «እንዴት አደርሽ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ሰሊጡስ?» እንባባላለን። መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ላሟ ሞታም ቢሆን ይመስገን። እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ፤ ጥያቄውን ሰምታችሁ የመለሳችሁት መቼ ነው? እኔ ይህን ጠባያችንን ለኮምፒውተር አስተምሬ እንጀራዬን ስበላበት ኖሬአለሁ። ለሰው መናገር ግን አፍሬ ቆየሁ።

የምሠራው ገንዳ ውሃ፣ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። መዝጋቢዎቹ እኔ እንጉዳይና ባልደረባዬ የሺ ነን። የመጋዘኑ ፕሮግራም አሮጌ ነው፤ ሥዕል አያውቅ፣ ማውስ አያውቅ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል እየጠየቀ መልስ ይጠብቃል። ታርጋ? ትጽፋላችሁ። ሾፌር? ትጽፋላችሁ። ክብደት? ትጽፋላችሁ። ከዚያ «እርግጠኛ ነዎት? አዎ ወይስ አይ» ይላል፤ ለእያንዳንዱ መኪና፣ እንደ ተጠራጣሪ አማት። በአዝመራ ጊዜ መኪናው ተሰልፎ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ሲነፉ ይህ ጥያቄ ያሳብዳል።

ኮሌጅ የተማርኩት ኮምፒውተር ነበርና አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሚዛን ቤቱ የላከውን ታርጋ፣ ሾፌርና ክብደት ታነባለች፤ አሮጌው ሲጠይቅ፣ ኪቦርዱን ሰው የተጫነው አስመስላ በእኔ ፈንታ ትመልሳለች። አሮጌው ሰው የሚጽፍለት መሰለው። ሰዉም እንደዚያው። እኔ እጄን ኪቦርዱ ላይ አሳርፌ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ፤ ስክሪኑ ይሞላል። «የእንጉዳይ ጣት መትረየስ ነው» ተባለ። አፈርኩና ዝም አልኩ። ዝምታዬም ጨዋነት ተባለልኝ።

አንድ ጧት ሥራ አስኪያጃችን ጋሼ ሙላው በር ላይ አገኙኝ።

«እንዴት አደርሽ እንጉዳይ? እናትሽ ደህና ናቸው? ሙቀቱን ቻልሽው? የሺን ብናሰናብታት ሥራውን ለብቻሽ ትችይዋለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ጥያቄው የገባኝ ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። የሺ ልጇን በዚህች ደመወዝ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ የምጽፈው እኔ አይደለሁም።»

«ትሕትናሽን አውቀዋለሁ።»

«ጣቴ ፈጣን አይደለም፤ እንዲያውም ቀርፋፋ ነው።»

«ያሳደገሽ ይባረክ።»

ዓይን አፋር ሴት መሆን እንዲህ ነው፤ እውነቱን ስትናገሪም ትመሰገኛለሽ።

ሌላ መላ ሳጣ እሳቸውንም የሺንም ስክሪኑ ፊት አቆምኩና ሁለቱን እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁ። ስክሪኑ ራሱ ጠያቂ ራሱ መላሽ ሆኖ ይንፎለፎል ጀመር። ጋሼ ሙላው አማተቡ።

«ይች ናት መትረየሷ?» አለች የሺ። «እኔኮ ጣትሽን ምን እንደምትቀቢው ልጠይቅሽ ነበር።»

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ ጋሼ ሙላው ቀስ ብለው፣ «ሁለታችሁስ ለምን ታስፈልጋላችሁ?»

አንዷን ላድን ብዬ ሁለታችንንም ላስባርር ነው። ከሙቀቱ ሌላ ላብ አላበኝ።

በዚህ መሀል፣ ጧት አራግፎ የሄደ መኪና ሁለተኛ ጭነት ይዞ ተመለሰ። እንዲህ የሚመላለሱትን እስከዚያ ቀን የምትመዘግበው የሺ ነበረች፤ ዛሬ ግን እሷ ከኋላዬ ቆማለች። አሮጌው ፕሮግራም ጠየቀ፦ «ይህ መኪና ዛሬ ተመዝግቧል። የቀድሞው ይሰረዝ? አዎ ወይስ አይ»። የእኔዋ «አዎ ወይስ አይ» ባየች ቁጥር አዎ እንድትል ያሳደግኋት ናት። አዎ አለች።

«የጧቱን ጭነት በላችው» አለች የሺ፤ ለካ እያንዳንዷን መስመር ታነብ ነበር። «ጋሼ፣ መጋዘኑን ለብቻዋ ሊተዉላት ያሰቡት ለዚች ነው?»

የተሰረዘውን የጧት ጭነት ከሚዛኑ ወረቀት አይተን እንደገና መዘገብነው። ጋሼ ሙላው ወደ የሺ እያመለከቱ፣ «እሷ ታንብብ፤ አንች ያችን ነገርሽን ሥርዓት አስተምሪያት» ብለው ወጡ። ሁለታችንም ሥራችን ላይ ቀረን። ፕሮግራሟም አሁን የማታውቀው ጥያቄ ሲመጣባት ቀጥ ብላ ቆማ የሺን ትጠብቃለች።

እኔም ከዚያ ወዲህ ጠባይ አወጣሁ። ሰው «እንዴት አደርሽ?» ሲለኝ ጥያቄው እስኪያልቅ እሰማለሁ፣ አስባለሁ፣ ከዚያ እመልሳለሁ። የገንዳ ውሃ ሰው ግማሹ «ኮራች» ይለኛል፤ ግማሹ «አሟታል»። እናቴ ጭራሽ ጸበል ልትወስደኝ ተነሥታለች። «ትሄጃለሽ ወይ?» ስትለኝ ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰማሁ፣ በደንብ አሰብኩበት፤ ሁለታችንን የሚያጣላ መልስ እንጂ የሚሻል መልስ አጣሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።