የደብሩ አመስጋኝ ዝም ያለ ጊዜ

በየደብሩ አንድ አመስጋኝ አይጠፋም። ደወል የሌለው ደብር አለ፤ ድንጋይ አንጠልጥሎ ይደውላል። ዲያቆን ያጠረው ደብር አለ፤ ከጎረቤት ይዋሳል። አመስጋኝ ያጣ ደብር ግን እስከ ዛሬ አልታየም። ቅዳሴው አልቆ ሰው ጫማውን ሊፈልግ ሲያጎነብስ፣ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ «እንግዲህ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው» የሚል አንድ ሰው ይነሳል። ያኔ ጫማ መፈለጉን መተው ነው።

ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ በሚያሻቅበው ተረተር ላይ ባለው የሚካኤል ደብር ይህ ማዕረግ የእንዳላማው ነው። ድንችና ገብስ አምራች ነው። በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ሊማር ሄዶ፣ ቅኔው እምቢ ሲለው ድምፁን ብቻ ይዞ ተመለሰ። አገሬው «ሊቀ ምስጋና» ብሎታል። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ሊሽረውም አልቻለም።

«ምን ላድርግ?» ይላል ሲቀልዱበት። «እግዜር ለሰው ሁሉ ሙያ ያለው እጅ ሲያድል እኔ አርፍጄ ደረስኩ። የተረፈው ምላስ ብቻ ነበር፤ እሱን መርቆ ሰጠኝ።»

እውነቱን ነው። እንዳላማው የመታው ምስማር ይጣመማል፣ የካበው ካብ ከእሱ ቀድሞ ይተኛል። ሚስቱ ማሬ «የኔ ባል ያጠረውን አጥር በግ እንኳ አይቶ ይስቃል» ትላለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ በጉንም አይቶታልና።

ምስጋናው ላይ ግን ማን ችሎት! ውኃ ላመጣች ሴት ያመሰግናል፤ ውኃውን የተሸከመችውንም አህያ አይረሳም። ዝናብ ስለጣለ ያመሰግናል፤ ስላባራም ያመሰግናል። አንድ ጊዜማ ከደብረ ማርቆስ የተጋበዘ ሰባኪ ተራው እስኪደርስ እንቅልፍ ጣለው። እንዳላማው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንዲህ በትሕትና አንገታቸውን ደፍተው ለሚያዳምጡን እንግዳችን» ብሎ አመሰገነው።

ጥሎት መሄድ ደግሞ አይቻልም። ምስጋናው ሲሞቅ ወደ ምርቃት ይሻገራል፤ ከምርቃት መሃል አቋርጦ የሚሄድ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም። «ልጅ ይባረክላችሁ!» «አሜን!» «ከብቱ ይርባላችሁ!» «አሜን!» ድስት ጥዳ የመጣችዋም ወጧ እያረረ እንደሆነ እያወቀች «አሜን» ትላለች። እንዳላማው ይህን ሁሉ ያያል። ልቡ «በቃህ» ይለዋል፤ አፉ ግን ከልቡ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል።

ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ አርጅቶ መቅደሱ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ታቦቱ በጎን ወደተሠራች ጊዜያዊ መቃረቢያ ተዛወረ። አገሬው ቆርቆሮውን አዋጣ፣ የዘመመውን ግድግዳ አፍርሶ እንደ አዲስ ይመርግ ጀመር፣ ሥራውን በደቦ ተያያዘው። አንድ ቀን ወንዶቹ ትልቁን የጥድ ግንድ በትከሻቸው ተሸክመው ከወንዙ ዳገቱን ሲወጡ እንዳላማው የቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ላባቸውን ሲያይ ሆዱ ባባ።

«ወንድሞቼ፣ ሳላመሰግን…» ብሎ ጀመረ።

ግንዱ ትከሻ ላይ ነው። ምርቃቱ መጣ። «ወገባችሁን አያጉብጠው!» «አሜን!» አለ የጎበጠው ሁሉ። «ጉልበታችሁ አይክዳችሁ!» «አሜ…» ብሎ ሳይጨርስ የአለበል ጉልበት ከዳው። ግንዱ አፈተለከና የመጣበትን ዳገት እየተንከባለለ ወንዙ ድረስ ወረደ። ደግነቱ ማንንም አልነካም። እንዳላማው ለዚህም «ተመስገን» ሊል ነበር፤ የአለበል ፊት ሲያስፈራው ዋጠው።

አለበል የአናጢዎቹ አለቃ ነው። አቧራውን ሳያራግፍ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ገዳሙ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ወይ እሱ ወይ እኔ! ሰኔ ደረሰብን። ግድግዳው ገና እርጥብ ጭቃ ነው፤ ጣራ ሳይከደንለት ዝናብ ካገኘው ይናዳል፤ ያን ሁሉ የለፋንበትን ውኃ ይበላዋል። ይህ ሰውዬ አፉን ካልዘጋ ቆርቆሮውን እርስዎ ይምቱት።»

ቄስ ገዳሙ እንዳላማውን አስጠሩት። «ልጄ፣ ስለ ሚካኤል ብለህ ጣራው እስኪያልቅ ዝም በል። ጭቃ አቡካ።»

«ሥራ ነው ቅጣት፣ አባ?»

«ለአንተ ሥራ፣ ለጭቃው ቅጣት» አሉ ቄሱ፤ ቀልድ ይወዳሉ።

ቤቱ ገብቶ ለማሬ ሲነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መደቡ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ግን አልሳቀም።

«እስቲ ንገሪኝ ማሬ» አላት። «እጄ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ምላሴንም ከከለከሉኝ እኔ ለዚህ ደብር ምን እረባለሁ?»

ማሬ ሳቋን ትታ ከመደቡ ተነሣች። እራቱን አቀረበችለት።

ከዚያ በኋላ እንዳላማው ጭድና አፈር ሲረግጥ ከረመ። ጭቃው በአንድ በኩል ሾርባ፣ በሌላው በኩል ድንጋይ እየሆነ ሴቶቹ ቀስ ብለው፣ እንዳያፍር፣ ዞር ሲል እንደገና ያቦኩታል። አውቋቸዋል። ለዚህም ሊያመሰግናቸው ፈልጎ ጥርሱን ነከሰ። አንዷ ጀሪካን ስታቀብለው «እግዜር ይስ…» አለና አለበልን ሲያየው ሳል አስመሰለው። ሰዉ ቀልዱን ወዶታል። ሥራው በእርግጥ ፈጠነ። ሆዱን ያቃጠለው ይህ መፍጠኑ ነበር።

የቀረችው ቆርቆሮ በተመታች ቀን ጮቄ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ከወንዝ ማዶ ያለውን እርሻ ሲያለብሰው ይታይ ነበር። ዝናቡን ቀደሙት! እልልታው ቀለጠ። ቄስ ገዳሙ ጸልየው፣ መስቀል አሳልመው፣ «በሉ ሳይመታችሁ በሰላም ግቡ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አካፋ የያዘው አካፋውን ተደግፎ ቆመ። ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈተው መልሰው ያስራሉ። እንዳላማው ምን እንደሚጠብቁ ግራ ገብቶት፣ ጉድ ነው፣ እሱም አብሮ ይጠብቃል። ይሄኔ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ለዚያ ግድግዳ መሠረት አንዳንድ ድንጋይ በጉያቸው ሲያመላልሱ የከረሙት መነኩሲት፣ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«ኧረ አንተ እንዳላማው!»

«አቤት እማሆይ!»

«ምን ይዘጋሃል? እንደ ቀን ሠራተኛ ዝም ብለን ልንበተን ነው? የእኔን ድንጋይ እግዜርስ አይቶታል። እነዚህ እንዲያውቁልኝ የሚነግርልኝ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

እንዳላማው ወደ አለበል ዞረ። አለበል መሰላሉን አቅፎ ቆሟል።

«ምን ታየኛለህ? ጣራው አልቋል» አለው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔን ስም እንዳትዘል ብቻ።»

እንዳላማው ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ያጠራቀመው ምስጋና አንድ ላይ ልውጣ ሲል እንባው ቀደመው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ሌላ አልመጣለትም።

«ይኸው ነው?» አለች ማሬ ከሴቶቹ መሃል።

ሳቁ ሲፈነዳ የእንዳላማውም ምላስ ተፈታ። ከእማሆይ ድንጋዮች ጀመረ፤ ጭቃውን ተደብቀው ወዳቦኩት ሴቶች አለፈ፤ አለበልን ሁለቴ ጠራው። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ዝናቡ ወንዙን ተሻግሮ መጣና አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ወረደበት። ጩኸቱ ቃሉን ሁሉ ዋጠው። መጠለያ ፍለጋ የሮጠ ሰው ግን የለም። አንዲት ቃል ሳይሰሙ ከንፈሩን እያዩ በዝናቡ ውስጥ ቆመዋል፤ እሱ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «አሜን!» ይላሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አለበል ነበር።