በረዶ ጠራጊው ከድርና የታዋቂ ሰዎች ዝርዝር

ታዋቂ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቁኝ በእርግጠኝነት አልመልስላችሁም፤ በእርግጠኝነት የምመልሰው ነገር በጠቅላላው ጥቂት ነው። ጅማ መርካቶ ላይ ግን ማንንም ብትጠይቁ ሳያመነታ ያሳያችኋል። አንዱ የታወቀው በሬ ጥሎ ነው፤ ሌላው በሬ ጥሎት። «ከሚያስነጥሰው ሰውዬ በር ላይ አውርደኝ» ብትሉት የባጃጅ ሹፌሩ የትኛው ብሎ አይጠይቃችሁም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኛ ታዋቂዎች ስም ግን ከባጃጅ መቆሚያው አያልፍም።

ፈረንጆቹ ይጽፉታል። ማንም ገብቶ ሊያርመው በሚችል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ጥፍር የምታህል አንዲት የካናዳ ከተማ አለች፤ ነዋሪዎቿ እንዳይቀየሙኝ ስሟን አልጠራም። ከገጿ ግርጌ «ከከተማዋ ጋር ግንኙነት ያላቸው ታዋቂ ሰዎች» የሚል ዝርዝር ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። አሥራ አንዱ፣ እኔ እንደገባኝ፣ የገና ጨዋታን በበረዶ ላይ የሚጫወቱ ናቸው። ሁለት ፖለቲከኞች፣ ሁለት ዘፋኞች፣ አንድ የነጻ ትግል ተጫዋች፣ አንድ መድኃኒት ያገኘ ሐኪም፣ አንድ ባንክ ዘራፊ፣ አንድ ደግሞ እናቱ በባቡር ስታልፍ ምጥ ይዟት እዚያ የተወለደና በአራተኛው ቀን የሄደ ሰውዬ አሉበት።

ከድር የለበትም።

ከድር የአዳዳ ፋጡማ ልጅ ነው፤ አዳዳ የምንለው የአባትን እህት ነው። የአጋሮ ልጅ ሲሆን እዚያች ከተማ ከመንገድ ላይ በረዶ የሚጠርግ መኪና ይነዳል። ዝርዝሩ መኖሩን ለአዳዳ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስለ ከተማዋ ቢጠይቁኝ ያነበብኩትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። የምሠራው ኮሌጅ መዝገብ ቤት ነውና አጉድሎ መናገር አልችልበትም። እሳቸው ደግሞ በሳምንቱ ሐጂ ያሲን ፊት ቁጭ ብለው፣ «የከተማዋ ታዋቂ ሰዎች ስም በኢንተርኔት ተጽፏል፤ ልጄም አለበት» አሏቸው።

ሐጂ ያሲን አጋሮ ላይ ቡና ይነግዳሉ፤ ከየጆንያው አንዳንድ ፍሬ ነክሰው ሳያዩ አይገዙም። ልጃቸው ሰዓዳ ጅማ ነርስነት ትማራለች። ከከድር ጋር ዓመት ሙሉ በስልክ ሲያወሩ ከርመው ተፈላልገዋል፤ አባቷ ግን ነክሰው ሊያዩት ለማይችሉት አማች ልጅ መስጠት ከበዳቸው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል። «እዚያ አገር ማን ያውቀዋል?» ነው ጥያቄያቸው። አሁን ግን ተጽፏል ሲባሉ፣ «እንግዲያው ሐሙስ ሽማግሌ ላኪ። አስነብቤ ቁርጡን እነግርሻለሁ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት አዳዳ ጅማ ድረስ መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ያ ጉርባ፣ ጨምረው» አሉኝ፤ በኦሮምኛ «አንተ ልጅ» ማለታቸው ነው።

«አዳዳ፣ ታዋቂ መሆን አለበት እኮ።»

«እሱ በረዶውን ካልጠረገ ከንቲባው ከቤቱ ይወጣል?»

አሰብኩበት። «አይወጣም።»

«ሌባ ጽፈው የእኔን ልጅ ይተዋሉ? ጻፍ!»

ጻፍኩ። ፊደል ተራውን ጠብቄ፣ «ከድር፣ በረዶ ጠራጊ» ብዬ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ አንድ የማላውቀው የገጹ ጠባቂ ሰረዘው። ምክንያቱንም አስቀምጧል፤ «ማስረጃ የለውም።»

«ማስረጃ? ወላሂ እኔ ነኝ የወለድኩት!» አሉና ወጡ። ማክሰኞ ከአንድ ቀበሌ ደብዳቤ አጽፈው ተመለሱ። ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። «አቶ ከድር በካናዳ አገር ታዋቂ ሰው መሆናቸውን ሦስት የአካባቢ ሽማግሌዎች ስለመሰከሩ ይህ ደብዳቤ ተሰጥቷቸዋል» ይላል። ከሦስቱ አንዱ ከመፈረማቸው በፊት ካናዳ ከቦንጋ ወዲህ ነው ወዲያ ብለው ጠይቀው ነበር አሉ። ስካን አድርጌ አያያዝኩት። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት የሚጥል ሰው በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ጠባቂው በአራት ደቂቃ ጣለው፤ ብደግም እንደሚያግደኝም አስጠነቀቀኝ።

የተላከ ሽማግሌ አይቀርምና ሐሙስ አጋሮ፣ ሐጂ ሳሎን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥን። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ሐጂ ለዚሁ ቀን ከጅማ የመጣችውን ሰዓዳን ጠሯት።

«ስልክሽን አምጪ። እየተረጎምሽ አንብቢልኝ።»

ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ጀመረች። «ይሄኛው ተጫዋች ነው። ሜዳ ላይ ሲደባደብ አራት ጥርሱ ረግፏል።»

«አዑዙ ቢላህ! ቀጥዪ።»

«ይሄ የምክር ቤት ሰው ነበር፤ በጉቦ ተባሯል። ይቺ ዘፋኝ ናት፤ አራት ባል አግብታለች።»

«ባንዴ?»

«በተራ፣ አባ።»

«ቀጥዪ።»

«ይሄ ባንክ ዘርፎ ታስሯል።»

የሐጂ መቁጠሪያ ቆመ። «ከድርስ?»

«የለም።»

አዳዳ ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ደብዳቤውን ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ እጄ እዚያው ቀረ።

«በደንብ አይተሻል?»

«ሁለቴ አየሁ፣ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መትተው። «ስድስት ዓመት ከእነዚህ ጋር ኖሮ ስሙን እዚህ ውስጥ ያላስገባ ልጅ፣ ምን ዓይነት ጨዋ ቢሆን ነው! ልጄን ሰጥቻለሁ፤ በሉ ፋቲሐ እናድርግ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ዝርዝሩን በቃሌ ስለማውቀው፣ ሰዓዳ ሐኪሙን መዝለሏን አውቄአለሁ። ለሕሙማን ቤት ያሠራውን ሁለተኛውን ዘፋኝም ዘላዋለች፤ ጥርሳቸው ያልረገፈ ተጫዋቾችም ብዙ ነበሩ። እኔ ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም፤ አፌ ሊከፈት ነበር። ቀና ስል ግን ሰዓዳ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነው። መዳፌን ከሽማግሌዎቹ እኩል ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።

ስንወጣ አዳዳ እንደ ሙሽራ እየተራመዱ፣ «ብዬህ አልነበር?» አሉኝ። ያሉኝ ተቃራኒውን ነበር፤ እሱንም አላረምኩም። ባጃጅ ስንጠብቅ ዞር ብለው አዩኝ።

«አንተስ ያ ጉርባ፣ የሆነ ዝርዝር ላይ አለህበት?»

«የትም የለሁም፣ አዳዳ።»

«የትም?» ከእግሬ እስከ ራሴ እንደ አዲስ መረመሩኝ። «ማሻአላህ! ለአንተማ ሴት አይጠፋም።»