ማንቆርቆሪያዋ በራች

ቀይ መብራት አይቶ የሚቆም ሰው በከተማችን ቀርቷል ትላላችሁ? እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። ትራፊክ ከሌለ የአደባባዩንስ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? መኪና ውስጥ የሚበራውንማ ተዉት!

ወንድሜ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ከአባቷ ልንለምን፣ ሽማግሌዎች ይዘን ከአዳማ ወደ አርሲ ነገሌ ስንሄድ የጫኑን ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ ነበሩ። ሞጆን እንዳለፍን ከመሪው ጀርባ ቀይ ምልክት በራ።

«ጋሽ በቀለ፣ የሞተር ዘይት ምልክት ነው፤ እባክዎ ያቁሙ» አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩት። «ማንቆርቆሪያ ናት እንጂ! ሞተሩ ውሃ ጠምቶት ነው። ለመሆኑ ዘይት በማንቆርቆሪያ ሲቀዳ የት አየህ?»

መቂ ላይ ቆመው ራዲያተሩን ውሃ ሞሉት። ባቱ ላይም ደገሙት። መብራቱ አልጠፋ ሲላቸው «ዓይኔን ወጋኝ» ብለው የመልአክ ሥዕል ለጠፉበት። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በአንድ ድምፅ «ጎሽ!» አሉ። መልአክ ወርዶ ዘይት የሚሞላላቸው ይመስል!

ላንጋኖ አካባቢ ሞተሩ ተንቋቋና ቀጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ አስፋልት ዳር በፀሐይ ቆሙ። የልጅቷ አባት «የት ደረሳችሁ?» እያሉ ይደውላሉ። የወንድሜን ነገር አስቡት።

ጋሽ በቀለ ግን ቁልፉን ነቀሉ፤ ሥዕሉን ቀስ ብለው ላጡና ከሥሩ አዩ። ፊታቸው በራ።

«ጠፋ! አላልኩህም? ውሃ ነበር የጎደለው።»