ጭቃ አንባቢው አማች

የተማረ ሰው ሚስት የሚያጣው ሥራውን በትክክል የተናገረ ለት ነው። ሽማግሌ ልትልኩ የምታስቡ ሁሉ ስሙኝማ፤ የተማራችሁትን ትምህርት ለሽማግሌዎቻችሁ አትንገሩ!

እኔ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተልኬ የተማርሁት ጭቃ ነው። አትሳቁ... ከሰሜን ባሕሮች ወለል በረጅም ቧንቧ ጭቃ እናወጣለን። ጭቃው ድርብርብ ነው፤ የታችኛው የጥንት፣ የላይኛው የቅርብ። ድሮ የሰሜኑን ምድር የሸፈነው ግግር በረዶ እየተንሸራተተ ባሕር ሲደርስ ይሰበራል፤ ከየብስ ፍቆ ያመጣውን ጠጠር እንደያዘ ይንሳፈፋል፤ ሲቀልጥ ጠጠሩን ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። እንግዲህ ጭቃው ውስጥ ጠጠር ከበዛ «በዚያ ዘመን በረዶው እስከ ባሕር ገፍቶ ነበር» እንላለን። ጠጠሩ ከጠፋ በረዶው ሸሽቷል። ይኸው ነው ትምህርቱ።

ስመለስ መንግሥት፣ ያን የመሰለ ቀይ ባሕር እያለው፣ «ላሊበላ ሂድና ሳይንስ አስተምር» ብሎ መደበኝ። በረዶስ ላስታም አለ፤ ግን ባቄላ ይመታል እንጂ ጠጠር አይሸከምም።

እዚያ አብራኝ የምታስተምር ዓለምነሽን ወደድሁ። እሷም ወዳኛለች። የቀሩት አባቷ አያ ደምስ ናቸው፤ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ፣ ጅረት ዳር የሚያርሱ ቆፍጣና ሰው። የንስሐ አባቴን አባ ገብሬን በሽማግሌነት ላክሁ። «መምህር ነው» ብለው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ሊያገዝፉኝ ፈለጉ።

«ከባሕር ሥር ጭቃ አውጥቶ ጥንት በረዶ የት እንደዋለ የሚያውቅ ሊቅ ነው» አሉ።

«ጠንቋይ ነዋ» አሉ አያ ደምስ።

«ኧረ በስመ አብ! ጠንቋይ የሚመጣውን ነው የሚያወራ። ይኼ ያለፈውን ነው።»

«ያለፈውንማ እኔስ መች ጠፋኝ?»

ሊያሰናብቷቸው ሲሉ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከጎረቤታቸው ከአያ ካሳ ጋር በአንዲት ቁራጭ መሬት ይካሰሳሉ። ድንበራቸው ጅረቱ ነው። አያ ደምስ «ጅረቱ ዱሮም አሁን ባለበት ነበር» ይላሉ። አያ ካሳ ደግሞ «የለም፣ በደምስ ደጅ ነበር የሚወርደው፤ ቦታ ሲቀይር መሬቴ ወደሱ ዞረች» ባይ ናቸው። የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሊያየው ቀጥሯል።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ አያ ደምስ፣ «ጅረቱ የት እንደነበር መጥቶ ያንብብልኝና ልጄን ይውሰድ።»

ዶማ ይዤ ሄድሁ። ደጃቸው አጠገብ ቆፈርሁ። ላዩ ጥቁር አፈር ነው፤ ጅረት አላለፈበትም ብዬ ደስ አለኝ። እስከ ጉልበቴ ስወርድ ግን ጠጠር... ውኃ ያንከባለለው፣ ለስላሳ፣ ድቡልቡል የጅረት ጠጠር! ክው አልሁ።

«እህሳ፣ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ጅረቱ... በዚህ ነበር ይላል።»

«በዚህ ማለት?»

«በደጅዎ።»

«ጭቃው ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ጭቃ አይሳሳትም፣ አያ።»

ይቺን ምን አናገረኝ? ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ አፌ ቀደመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስ ነገር! ዓለምነሽ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዶማውን ጥዬ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፤ እውነቴን ነው።

በማግስቱ አባ ገብሬ እየሳቁ መጡ። «ሰርጉ እሑድ ነው» አሉኝ።

«የማን ሰርግ?»

«ያንተ ነዋ። አያ ደምስ ቸኩለዋል። ‹አማች በአማቱ ላይ ሸንጎ ቆሞ አይናገርም፣ ነውር ነው። ያ ጭቃ አንባቢ ከካሳ ጎን ከሚቆምብኝ ከልጄ ጎን ይተኛ› ብለዋል።»

እሑድ ተጋባን። በሳምንቱ የሸንጎው ዳኞች ቦታውን ሊያዩ መጡ። እኔ እንደ ደንቡ አንገቴን ደፍቼ ዝም። አማቴ ኩራታቸው አይጣል ነው። ሊቀ መንበሩ ወዲያ ወዲህ ሲል እኔ ከቆፈርሁት ጉድጓድ አፋፍ ደረሰ። ወደ ውስጥ አየ። ጎንበስ አለና አንድ ድቡልቡል ጠጠር አነሳ። የጅረት ጠጠር የማያውቅ ገበሬ መቼም የለም... መሬቷ ለአያ ካሳ ተፈረደች።

ዳኞቹ ከሄዱ በኋላ አማቴ ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያን ሁሉ ዘመን ፈረንጅ አገር ጭቃ ማውጣት ሲያስተምሩህ፣ መልሶ መድፈን የሚያስተምር አንድ ሰው ጠፋ?»