የጋሽ ዓምደሚካኤል ባላ

ሚዳቋ ዝር ብላበት በማታውቅ ሰፈር እንኳ አንድ አዳኝ አይጠፋም። የደጃች ውቤ ሰፈሩ አዳኝ ጋሽ ዓምደሚካኤል ነበሩ።

መሣሪያ ያለው ሁሉ ለቀበሌ ያስረክብ ሲባል ጠመንጃቸውን ወልውለው አስረከቡ። ሚስታቸው ሸዋረጋ «ተገላገልኩ» አለች። ምን ያደርጋል! አደኑ ቢቀር የጠመንጃ ማሳረፊያ መምረጡ አልቀረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ፣ አናጢው ኡመር ዘንድ ሄደው ባላ ያስጠርባሉ።

«ቀርከሃ ይሁንልዎ?» ይላል ኡመር።

«ይንቋቋል፤ ድኩላው ቀድሞ ይሰማዋል።»

«ወይራስ?»

«ግርማ አለው፤ ግን ዳገቱን አንተ ትሸከምልኛለህ? ስማ፣ ጠመንጃ ማንም ይይዛል። አዳኝ የሚባለው ማሳረፊያ መምረጥ የሚያውቅ ነው!»

ከአልጋ ሥር ባላ፣ ከቁም ሳጥን ኋላ ባላ። ሸዋረጋ ስንቴ ለማገዶ አስባቸዋለች!

አንድ ቅዳሜ አዲሱን ባላ ይዘው ከሸዋረጋ ጋር ሲመለሱ አብዮት ጥበቃዎች አስቆሟቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሸዋረጋ «የልብስ መስቀያ» ልትል አፏን ስትከፍት ባሏ ቀደሟት።

«የጠመንጃ ማሳረፊያ ነው።»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱ ወጥቶ ቀርቷል።

ቀበሌ ወሰዷቸው። ሊቀመንበሩ እምሩ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ጓድ ዓምደሚካኤል፣ የደበቁትን ጠመንጃ ያውጡ!»

«ጠመንጃዬን እናንተው ወስዳችኋል። ማሳረፊያ አስረክብ ያለኝ የለም።»

«ያለ ጠመንጃ ምን ያደርግልዎታል?»

«አዳኝነቴን አላስረከብኩማ!»

አሰሯቸው። ቤቱን እስከ ወለሉ ጣውላ ፈነቃቅለው ፈተሹ፤ ከባላ በቀር ምንም የለም። ባላዎቹን በሸክም ወስደው ሰውየውን ለቀቁ።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ቤት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ወይራ የለ፣ ስለ ቀርከሃ የለ። ሸዋረጋ ዕድሜ ልኳን የተመኘችውን ጸጥታ አገኘች፤ አልቻለችውም። ከፍተሻው ይልቅ ጸጥታው አስፈራት።

ቅዳሜ ሲሆን ነጠላዋን አጣፋች። «ይነሱ!»

«ወዴት?»

ኡመር ዘንድ ወሰደቻቸውና እንጨቱን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር። «ይሄ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያኛው ለቁመትዎ ያጥራል፤ ያጎነብሱበታል።»

በደጅ አብዮት ጥበቃዎች ሲያልፉ ጋሽ ዓምደሚካኤል እጇን ያዝ አደረጉ። «ቀስ በይ እንጂ፣ ሸዋዬ።»

«ለምን ብዬ?» አለች፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ባሌ አዳኝ ናቸው፤ ማሳረፊያ እየመረጥንላቸው ነው!»