ምንም የማያደርገው ተኩላ

እንስሳ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ፣ ወፍም ያሳድግ ዝንጀሮ፣ አንድ ዓይነት አፍ ነው ያለው። እርስዎ በር ላይ ቆመው አንድ ጥርሳም ፍጡር የሱሪዎን ጫፍ ይዞ ሲጎትት፣ ባለቤቱ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይመጣና "ምንም አያደርግም" ይላል። ሱሪው ከተቀደደ በኋላ ደግሞ "ሲጫወት እኮ ነው" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ፣ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የዚህ ወገን አውራ፣ ማኅበር ቢኖረው ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ናቸው። የግቢው ሰው "ጋሽ አያደርግም" ይላቸዋል። ሌላው ቢያንስ ይህን የሚለው ስለ ውሻ ነው። ክቡርነታቸው የሚሉት ስለ ተኩላ ነው።

ይህን ጉድ ከማንም በላይ በቅርብ የሚያየው ልብስ ሰፊው ነው። የስፌት መኪናው ከጋሽ አያደርግም በር ትይዩ ባለው መስኮት ሥር ስለተተከለ፣ እግሩ መኪናውን ሲረግጥ ዓይኑ እዚያ ማዶ ይውላል። በዚያ ላይ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ፖስተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥራ ሱሪያቸውን ያስጣፉት እሱ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊው ቅዳዱን አይቶ ብቻ የት እንደተነከሱ ይናገር ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከሆነ የፋርማሲስቷ ትንሽ ውሻ ናት፤ መቀመጫው ላይ ከሆነ የዳኛው ነው።

ታዲያ እንዲህ ውሻ ሲቦጫጭቃቸው የኖሩ ሰው፣ በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው ከከተማው ዳር ወዳለ ቤት ደብዳቤ ይዘው ሄዱ። የቤቱ ሰዎች ለቀው ሄደዋል፤ ደረጃው ሥር ግን አንድ ቡችላ ያለቅሳል። ደብዳቤውን በበሩ ሥር አስገቡና ቡችላውን በፖስታ ቦርሳቸው ይዘው መጡ። ቡችላው በስድስት ወሩ እግሩ ተመዘዘ፤ እንደ ውሻ መጮህ የሚባል ነገር ግን አያውቅም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሲያላዝን፣ የግቢው ሰው ያልደረቀ ልብሱን ከገመድ ላይ ሰብስቦ ቤቱ ገባ። የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ አየና ተኩላ መሆኑን ነግሯቸው ቦርሳውን እንኳ ሳይከፍት ሄደ። ጋሽ አያደርግም ግን አልደነገጡም። ተኩላም ቢሆን ምንም አያደርግም አሉ።

ልብስ ሰፊው ይፈራል፤ ከፍርሃቱ የባሰበት ግን የማወቅ ጉጉቱ ነው። ያ ፍጡር በሽቦ የታጠረውን ደጃፍ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ብቻ የሚዞረው ለምንድን ነው? ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀውስ እንዴት ነው? ከሁሉ የገረመው አንቱታው ነው። ጋሽ አያደርግም ተኩላውን "ይነሡ እንጂ"፣ "ቁርስዎን ይብሉ" እያሉ ነው የሚያናግሩት። አንድ ቀን ምክንያቱን ቢጠይቃቸው፣ በሥራ ዘመናቸው አንተ ያሉት ውሻ ሁሉ እንደነከሳቸው ነገሩት።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው። ምግቡን የሚያቀርቡለት ሳህኑን በመጥረጊያ እንጨት እየገፉ ነው። ተኩላው ምንም የማያደርግ ከሆነ፣ መጥረጊያው ምን ያደርጋል?

የግቢው ሰው ለሰፈሩ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ሲያስገባ መጀመሪያ የፈረመው ልብስ ሰፊው ነበር። ልጆች አሉት፤ ማንም አይፈርድበትም። ጽሕፈት ቤቱም ቁርጡን ተናገረ። እንስሳው እስከ ዓርብ ድረስ ልክክ ያለ የአፍ መሸፈኛና የአንገት ማሰሪያ አድርጎ ካልቀረበ፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ ለውሻ የተሠራ ነው፤ ለዚህ አፍ አይበቃም። ረቡዕ ጠዋት ጋሽ አያደርግም ያንን አሮጌ የፖስታ ቦርሳ አምጥተው ልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ፊርማህን አየኋት" አሉት። "ያን ሁሉ ዘመን ደብዳቤ ሳድል እንዲህ ያማረች ፊርማ አይቼ አላውቅም። በል አሁን ከዚህ ቆዳ ስፋልኝ።"

ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልኩን ለክተው እንዲያመጡለት ቢጠይቃቸው፣ ልክ መውሰድ የእሱ ሙያ እንጂ የፖስተኛ አይደለም አሉት። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ተከተላቸው።

ተኩላው ቆሞ ጠበቃቸው። ከቅርብ ሲታይ ዓይኑ የቀጭን ሻይ ቀለም ነው። ሜትሩን ከአንድ ቁጥር ጀምሮ እስከ ስልሳ ድረስ አሸተተው። ልብስ ሰፊው "ጋሼ፣ ጫፉን ማጅራቱ ላይ ይያዙልኝ" አላቸው።

አልተንቀሳቀሱም።

"ከቦርሳው ካወጣሁት ወዲህ ነክቼው አላውቅም" አሉ ቀስ ብለው።

ሦስት ዓመት ሆኗል። ልብስ ሰፊው ጆሮውን ማመን አቃተው። "ይፈሩታል እንዴ?"

"እሱን አይደለም የምፈራው። አሥራ ዘጠኝ ውሻ ነክሶኛል፤ አሥራ ዘጠኙም ባለቤቶች ምንም አያደርግም ብለውኛል። ያልነከሰኝ እሱ ብቻ ነው። ነክቼው አንድ ነገር ቢሆን ምን ይቀረኛል?"

ተኩላው ያልነካውን ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ አያደርግም አንጀቱን በሉት። የደንበኛ ክንድ እንደሚያነሣ አድርጎ እጃቸውን ያዘና የሜትሩን ጫፍ አስጨብጦ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቻቸው ጠጉሩ ውስጥ ገቡ። ተኩላው ጆሮውን ወደ ኋላ መለስ አደረገ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ክብደቱን ጉልበታቸው ላይ ጣለው።

አንገቱ አርባ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነበር። ልብስ ሰፊው ወዲያው አንብቦታል፤ በሙያ ዘመኑ አንድ ነገር ሁለቴ ለክቶ አያውቅም።

"ቁጥሩ ጠፋኝ፤ እንደገና እንለካ" አለ።

አንገቱን ሦስት ጊዜ፣ አፉን አንድ ጊዜ ለኩ። ጋሽ አያደርግም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጫፉን ይዘው ቆዩ።

ዓርብ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወንበሯን እስከ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ስባ ተቀበለቻቸው። መሸፈኛው ልክክ ብሏል፤ ስፌቱም እንከን የለበትም። ቅጹን እያነበበች ስትጠይቅ ቆየችና "ይናከሳል?" አለች።

ልብስ ሰፊው ያንን የታወቀ መልስ ጠበቀ። አልመጣም። ሽማግሌው እጃቸውን የተኩላው ማጅራት ላይ አድርገው "እንግዲህ..." አሉ። የሚወስደው መኪና በመስኮቱ በኩል ይታያል።

"ምንም አያደርግም" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ልብስ ሰፊው ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ሲል ሁሉም የሚያዩት እሱን ነው። ኃላፊዋ እንግዲያው አንተ ዋስ ሁን አለችው። በዚያችው ባማረች ፊርማው ፈረመ።

ውጭ ሲወጡ ጋሽ አያደርግም ቆጣ አሉ። "ሁለተኛ እንዲህ እንዳትል። ስንቱ እንዲህ እያለ አስነክሶኛል።"

ልብስ ሰፊው ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ አዲሱን ሱሪውን ቁልቁል አየት አደረገና፣ ተኩላውን መሀል አድርጎ በወዲያኛው ጎኑ አብሯቸው ሄደ።